አንዲት ርግብ አውሮፕላን ትጥላለች? መንጋው ሲሆንስ?

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ተነሳ። ገና መሬት እንደለቀቀ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ፤ ርግቦቹም ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ኤርፖርቱ ለመመለስ ቢሞክሩም ሞተሮቹ ኃይል አጡ። አውሮፕላኑ ጎማውን ሳይዘረጋ በሆዱ አርፎ በእሳት ተያያዘ። ከተሳፈሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

ቆይ ግን፣ ግማሽ ኪሎ የማትሞላ ርግብ ይህን ሁሉ እንዴት ታደርጋለች?

ነገሩ ፍጥነቱ ላይ ነው። አውሮፕላን ሲነሳ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። በዚያ ፍጥነት ትንሽ ወፍም እንደ ድንጋይ ነው የምትመታው። ሞተሮች ወፍ ቢገባባቸው እንዲችሉ ተፈትነው ነው የሚሠሩት። አንዱ ቢጠፋ እንኳ አውሮፕላኑ በሌላው መብረር ይችላል። መንጋ ግን ሁለቱንም በአንዴ ይመታል። ችግሩ እዚያ ጋ ነው።

አብዛኛው ግጭት የሚደርሰው አውሮፕላን ሲነሳና ሲያርፍ ነው፤ ወፎችም የሚበዙት ዝቅ ብሎ ባለው አየር ላይ ነዋ። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው መሬት ላይ ነው።

የኤርፖርት ባለሙያዎች መጀመሪያ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ይህ እንስሳ ምን ያህል ጊዜ ይመጣል? ቢመታንስ ጉዳቱ ምን ያህል ነው? በየቀኑ ከምትታይ አንዲት ትንሽ ወፍ ይልቅ አልፎ አልፎ የሚመጣ ትልቅ አሞራ ሊያሰጋ ይችላል። ለዚህም የወፉ ዓይነት፣ ብዛት፣ የመጣበት ሰዓትና ወቅት ይመዘገባል። ማኮብኮቢያው ላይ የሚገቡ ውሾችና ጅቦችም ከዝርዝሩ አይቀሩም።

ዓይነቱን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? በ2009 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ላይ ሁለቱም ሞተሮቹ በዝይ መንጋ የተመቱበት አውሮፕላን ሀድሰን ወንዝ ላይ አርፎ 155ቱም ሰዎች ተርፈዋል። ከሞተሩ የተገኙት ላባዎች ሲመረመሩ ዝይዎቹ ከሩቅ የመጡ ተሰዳጆች ሆነው ተገኙ። ማለትም በአካባቢው የሚኖሩትን ዝይዎች ማባረር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም ነበር።

ታዲያ መፍትሔው ምንድነው? ብዙዎቻችን የሚመጣልን ድምፅ ማስጮህና ማባረር ነው። ይሠራል፣ ግን ወፎች ይለምዱታል። የሚያዛልቀው የሚመጡበትን ምክንያት ማጥፋት ነው፦ የተኛ ውኃን ማፋሰስ፣ ሣሩን መቆጣጠር፣ ጎጆ የሚሠሩበትን ቀዳዳ መድፈን፣ አጥሩን ማጠናከር።

ወፍ ግን አጥር አያውቅም። ኤርፖርቱ ግቢውን ቢያጸዳ፣ ከአጥሩ ውጭ የሥጋ ትርፍራፊ ከተጣለ አሞራው ይሰበሰባል። ለዚህ ነው የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ቆሻሻ መጣያ ከኤርፖርት በ13 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ እንዳይሆን የሚመክረው። 13 ኪሎ ሜትር ማለት ስንት ሰፈር እንደሆነ አስቡት! ይህን ኤርፖርቱ ብቻውን አይችለውም። ማዘጋጃ ቤቱም፣ ቄራውም፣ ሥጋ ቤቱም፣ እኛም አለንበት።

ኤርፖርት አቅራቢያ የምትኖሩ፣ በሰፈራችሁ ቆሻሻ የት ነው የሚጣለው? አሞራ የሚሰበሰብበትን ቦታ ካያችሁ ለቀበሌያችሁ ወይም ለኤርፖርቱ ንገሩ። ከላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ውስጥ የማን ሰው እንዳለ አይታወቅም።