በካሳራኒ የዕቃ ዋጋ መወደድና የቤተ ሰብ ወጪ

የኑሮ ውድነት በሰው አፍ ሁሉ የሚነገር ነገር ነው፤ ነገር ግን ከምን እንደሚመጣ፥ በምን እንደሚለካና የአንድን አባወራ ኪስ በምን መንገድ እንደሚያራቁት ተብራርቶ የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ማብራሪያ በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፥ ካሳራኒ በሚባለው ክፍል የሆነውን መሠረት አድርጎ ይህንኑ ለመግለጽ የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ተጽፈዋል።

ካሳራኒ ከከተማው መካከል ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ ወደ ቲካ በሚወስደው ሰፊ ጐዳና አጠገብ ይገኛል። ስሙ በይበልጥ የታወቀው በ1987 ለተደረገው አራተኛው የመላ አፍሪካ ጨዋታ በተሠራው ታላቅ ስታዲየም ነው። ጐዳናው በ2012 ሰፍቶ ከተፈጸመ ወዲህ በዙሪያው የኪራይ ፎቆች እየበዙ ሄደዋል። ከነዋሪው ብዙው ደመወዝተኛ፥ የቀን ሠራተኛና አነስተኛ ነጋዴ ሲሆን፥ ቤቱ የኪራይ፥ ምግቡ የገበያ፥ መመላለሻውም ማታቱ የሚባለው አነስተኛ አውቶቡስ ነው። የሚበላውን የሚያመርትበት መሬት የለውምና የገበያው ዋጋ ከፍ ባለ ቀን ወዲያው ይነካዋል።

ዋጋው ስለ ምን ተወደደ

አንደኛው ምክንያት የዝናብ እጦት ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜንና በምሥራቅ ኬንያ አምስት የዝናብ ወራት ተከታትለው ሳይሳኩ ቀሩ። ከብት አለቀ፥ እህልም አነሰ። የኬንያ ሕዝብ ዋና ምግብ ኡጋሊ የሚባለው የበቈሎ ገንፎ ስለ ሆነ፥ የበቈሎ ዱቄት ዋጋ ሲወደድ ያልተነካ ቤት አልነበረም።

ሁለተኛው በየካቲት 2022 በዩክሬን የተነሣው ጦርነት ነው። ኬንያ ከምትበላው ስንዴ የሚበዛውን ከውጭ አገር ትገዛለች፤ ማዳበሪያና የምግብ ዘይትም እንዲሁ። ጦርነቱ የእነዚህን ሁሉ ዋጋ በዓለም ገበያ ከፍ ስላደረገው፥ የካሳራኒ እናት ዳቦና ዘይት ስትገዛ የሩቅ አገር ጦርነት ዕዳ ተካፋይ ሆነች።

ሦስተኛው የነዳጅና የገንዘብ ነገር ነው። በኬንያ የነዳጅ ዋጋ በመንግሥት ባለሥልጣን በየወሩ በ14ኛው ቀን ይነገራል። መንግሥት ለቤንዚን ይሰጥ የነበረውን ድጎማ በመስከረም 2022 ባነሣ ጊዜ፥ በናይሮቢ የአንድ ሊትር ዋጋ ከ159.12 ሽልንግ ወደ 179.30 ሽልንግ ወጣ። በሐምሌ 2023 በነዳጅ ላይ ያለው ቀረጥ ከ8 በመቶ ወደ 16 በመቶ ከፍ አለ፤ በጥቅምት 2023 ሊትሩ 217.36 ሽልንግ ደረሰ። በዚሁ ዘመን የሽልንግ አቅም እየደከመ ሄዶ፥ በ2022 መጀመሪያ በ113 ሽልንግ ገደማ ይገዛ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥር 2024 ወደ 160 ሽልንግ ተጠጋ። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ስለ ሆነ ሁለቱ ችግሮች አንዱ ሌላውን አባባሱት። ጐመኑን ከኪያምቡ ደጋ፥ በቈሎውን ከስምጥ ሸለቆ አውራጃዎች የሚያመጣው የጭነት መኪናም በነዳጅ የሚሄድ ነውና፥ የነዳጅ ዋጋ መውጣት በመጨረሻ በምግብ ዋጋ ላይ ይደመራል።

ቁጥሩ በምን ይለካል

የኬንያ ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ የየካቲት 2019ን ዋጋ መነሻ አድርጎ፥ ሕዝቡ የሚገዛቸውን ዕቃዎች ዋጋ በየወሩ እየመዘገበ ከዓመት በፊት ከነበረው ጋር ያስተያያል። በዚህ አለካክ በጥቅምት 2022 የዋጋው ጭማሪ 9.6 በመቶ ሆነ፤ የምግብ ብቻው ግን ከ15 በመቶ በላይ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፥ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የታየው ጠቅላላ ጭማሪ ከ30 በመቶ በላይ ነበረ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፥ በቢሮው ሒሳብ ውስጥ ምግብ ከጠቅላላው ወጪ የሚይዘው አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑ ነው። የድኻ ቤተ ሰብ ግን ለምግብ የሚያወጣው ከዚህ ይበልጣል፤ ስለዚህ ምግብ ሲወደድ የድኻው ጭማሪ በጋዜጣ ከሚነገረው ቁጥር ከፍ ያለ ይሆናል። ሁለተኛው፥ ጭማሪው ቀነሰ ማለት ዋጋው ረከሰ ማለት አለመሆኑ ነው። በ100 ሽልንግ ይሸጥ የነበረ ዕቃ በአንድ ዓመት 10 በመቶ ቢጨምር 110 ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት ጭማሪው ወደ 3 በመቶ ቢወርድ ዕቃው ከ113 ሽልንግ በላይ ይሸጣል እንጂ ወደ 100 አይመለስም። በጥቅምት 2024 የኬንያ ጭማሪ 2.7 በመቶ መድረሱ ሲነገር ብዙ ሰው «ታዲያ ርካሹ ወዴት አለ?» ብሎ የጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። የረከሰው የጭማሪው ፍጥነት ነው፤ ዋጋው በወጣበት ቀርቷል።

የአንድ ቤት ሒሳብ

ነገሩ እንዲገለጥ በምሳሌ ማየት ይበቃል። በወር 30,000 ሽልንግ የሚያገኝ ቤተ ሰብ ለኪራይ 8,000፥ ለምግብ 12,000፥ ለመመላለሻ 4,000፥ ለማገዶ፥ ለመብራትና ለውሃ 3,000፥ ለልጆች ትምህርትና ለሕክምና 3,000 ያወጣል እንበል። ምግብ 15 በመቶ፥ መመላለሻና ማገዶ 10 በመቶ ቢወደዱ፥ ወጪው በ1,800፥ በ400ና በ300፥ በድምሩ በ2,500 ሽልንግ ይጨምራል። ይህ ከጠቅላላው ገቢ 8 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን አከራይ አይጠብቅም፥ ሆድም ቀጠሮ አይሰጥም፤ ስለዚህ ጭማሪው የሚከፈለው ለትምህርትና ለሕክምና ከተቀመጠው 3,000 ላይ ነው፤ ከእርሱም የሚተርፈው 500 ብቻ ይሆናል። በወረቀት ላይ ጥቂት የሚመስለው 8 በመቶ በቤት ውስጥ የልጅ የትምህርት ክፍያ ሆኖ የሚገኘው እንዲህ ነው።

ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ቤተ ሰብ በናይሮቢ ካዶጎ ወደሚባለው አገዛዝ ይሄዳል፤ ይኸውም ዘይቱን፥ ስኳሩንና ዱቄቱን በጥቂት ሽልንግ እየከፈሉ በትንሽ በትንሹ መግዛት ነው። ይህ ለዕለቱ ያድናል፤ ነገር ግን ትንንሹ ልክ ሲደመር ከትልቁ ዋጋ ብዙ ጊዜ ስለሚበልጥ፥ ድኻው ለዚያው ዕቃ ከባለጠጋው የበለጠ ይከፍላል። ሱኩማ ዊኪ የሚባለው የጐመን ስምም «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው፤ ሥጋ መግዛት ላልቻለ ቤት ሳምንቱን የሚያሻግር ወጥ ስለ ሆነ ይህ ስም ወጣለት።

መንግሥት ያደረገው

በሐምሌ 2022 የኬንያ መንግሥት የሁለት ኪሎ በቈሎ ዱቄት በ100 ሽልንግ እንዲሸጥ አዘዘ፤ ድጎማው ግን ከአንድ ወር ገደማ በላይ አልቆየም። በመስከረም የተተካው መንግሥት ድጎማውን ከበላተኛው ወደ አምራቹ አዛውሮ፥ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ዋጋ 3,500 ሽልንግ እንዲሆን አደረገ። የዱቄት ድጎማ ዛሬውኑ ይሰማል፥ ቶሎም ያልቃል፤ የማዳበሪያው ጥቅም ግን እስከ መከር ያስጠብቃል፥ ዝናብም ይፈልጋል። በ2024 ደግሞ በዳቦ ላይ 16 በመቶ ቀረጥ እንዲጣል የታሰበበት የገንዘብ ሕግ ቀረበ። የዳቦው ቀረጥ አስቀድሞ ቢሰረዝም፥ በሌሎቹ ቀረጦች ምክንያት ሰኔ 25 ቀን ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ፤ በማግሥቱም ፕሬዚዳንቱ ሕጉን እንደማይፈርሙ አስታወቁ። የወጥ ቤት ሒሳብ የመንግሥት ጉዳይ እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቤተ ሰብ ሊያደርገው የሚችለው

የዓለምን ገበያ ማዘዝ የአንድ ቤት ሥልጣን አይደለም፤ ቢሆንም ጉዳቱን የሚያቃልሉ ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ የወሩን ወጪ በደብተር መጻፍና የትምህርቱን ገንዘብ በወሩ መጀመሪያ ለይቶ ማስቀመጥ። ሁለተኛ፥ ዱቄትና ዘይት ከጎረቤት ጋር አዋጥቶ በትልቁ ልክ መግዛት። የኬንያ ሰዎች ቻማ የሚሉት ማኅበር ከእኛ አገር እቁብ ጋር የሚመሳሰል ስለ ሆነ ለዚህ ይመቻል፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው ነው። ሦስተኛ፥ በዕቃው መያዣ ላይ የተጻፈውን ክብደት መመልከት፤ ዋጋው ሳይጨምር ክብደቱ ቢቀነስ ያው መወደድ ነውና። አራተኛ፥ ለምግብ ሲባል ከፍ ያለ ወለድ ያለው ብድር በስልክ ከመውሰድ መጠንቀቅ፤ የዛሬ እራት ተበልቶ ያልቃል፥ ወለዱ ግን ለሚመጣው ወር እራት ይሻማል።