ቅሉ ሳይሰበር የሚናጥ አንጎል

ልጅ ከዛፍ ወይም ከደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱ ሲመታ ብዙዎቻችን ቀድመን የምናየው ደም መፍሰሱን ነው። ደም ከሌለ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ተረፈ» ብለን እናስተኛዋለን። ለመሆኑ ይህ ልማዳችን ምን ያህል ትክክል ነው? በዛሬው ዝግጅታችን ይህንኑ ጉዳይ ሲመረምሩ ከኖሩ አንድ ሐኪም ሥራ ተነስተን እንመለከተዋለን።

የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ዶክተር አዩብ ኦማያ እ.ኤ.አ. በ1930 ዛሬ ፓኪስታን በምትባለው አገር፣ በፑንጃብ ተወለዱ። በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ከቀጠሉ በኋላ በ1961 ወደ አሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም አመሩ። በ1963 ያስተዋወቁት ከራስ ቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ የመድኃኒት ቋት ዛሬም በስማቸው ይጠራል። መድኃኒቱ በቀጭን ቱቦ አንጎል ውስጥ ወዳለው ፈሳሽ ይገባል። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነውም በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚፈጠሩ የተወሳሰቡ የደም ሥሮችን በራጅ በማየትና በመድፈን ሕክምና ላይ ሠርተዋል።

ብዙ የደከሙበት ጥያቄ ግን «ሰው ጭንቅላቱን ሲመታ ለምን ራሱን ይስታል?» የሚለው ነበር። በ1968 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ጭንቅላታቸው ሳይመታ በድንገት ብቻ የተወዛወዙ ጦጣዎች ራሳቸውን ሊስቱ፣ አንጎላቸውም ሊደማ እንደሚችል አሳዩ። በ1974 ከዶክተር ቶማስ ጄናሬሊ ጋር ሆነው ደግሞ ዋናው አደጋ የጭንቅላት ድንገተኛ መዞር መሆኑን፣ ኃይሉ በጨመረ ቁጥርም ጉዳቱ ከአንጎል ገጽ ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ አስረዱ።

ነገሩን በቤታችን ዕቃ እንመልከተው። ወተት ሲናጥ ቅሉ አይሰበርም፤ በውስጡ ያለው ግን ይናጣል። አንጎልም ለስላሳ ነው። የራስ ቅል በድንገት ሲዞር አንጎል ወደ ኋላ ይቀራል፤ የነርቭ ክሮቹ ይወጠራሉ፣ ከአንጎል ወደ ሽፋኑ የሚሻገሩ ደም ሥሮችም ሊበጠሱ ይችላሉ። ደሙ ቀስ እያለ ሊጠራቀም ስለሚችል፣ ማታ ደህና የነበረ ሰው በማግስቱ ወይም ከቀናት በኋላ ሊደክም ይችላል። በአረጋውያን ላይ ደግሞ አንጎል በዕድሜ ስለሚሸበሸብ ደም ሥሮቹ አስቀድመው የተወጠሩ ናቸው። ስለዚህ የአያቶቻችንን ቀላል አወዳደቅ አንናቅ።

ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከባሰበት፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ ወይም ከእንቅልፍ መቀስቀስ ካስቸገረ፣ ቁስል ባይታይበትም ሳንዘገይ ሐኪም ቤት እናድርሰው። የሚያለቅስ ሕፃንንም ፈጽሞ አንነቅንቅ፤ አንገቱ ገና አልጠናምና።

ዶክተር ኦማያ በቀዶ ሕክምና ብቻ አልተወሰኑም። የተበጠሰ የነርቭ ክር በቢላዋ አይቀጠልም። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሕክምና አማካሪ ሆኑ። ጉዳትን አስቀድሞ ስለመከላከል በ1985 የወጣው ታዋቂ ሪፖርት እንዲዘጋጅ ከገፋፉት መካከልም ነበሩ። ሪፖርቱ በአገሪቱ ለጉዳት መከላከያ ማዕከል መቋቋም መንገድ ጠርጓል። አንጎልን ሲያጠኑ የኖሩት እኚህ ሰው በመጨረሻ በአልዛይመር ሕመም ተይዘው በ2008 በኢስላማባድ አረፉ።

ውድ ተከታታዮቻችን! «የአላህ ቀደር ነው» እያልን የመኪና ቀበቶ አለማሰር፣ ሞተር ብስክሌት ላይ ያለ ሄልሜት መውጣት፣ ልጅን ጋቢና ታቅፎ መጓዝ ተወኩል አይደለም። ተወኩል ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው። ግመሏን አስረን እንመካ። ቢላዋ የማይመልሰውን ቀበቶ ሊያተርፍ ይችላልና፣ ዛሬውኑ ከቤታችን እንጀምር።