ሴሚስተር ባሕር ማዶ፦ ለነታንያ ተማሪ መቼ ይበጃል?

ውጭ አገር ሄዶ መማር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ተማሪው በአገሩ ተቋም እንደተመዘገበ አንድ ሴሚስተር ወይም አንድ ዓመት በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የሚመለስበት ልውውጥ ነው። ሁለተኛው ዲግሪውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው የሚጨርስበት ነው። በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ወጪያቸውም፣ አደጋቸውም፣ ትርፋቸውም ለየቅል ነው። በየቤቱ ክርክሩ የሚከረው ልጁ ስለ መጀመሪያው ሲያወራ ወላጅ ሁለተኛውን ስለሚሰማ ነው። ልጁ «ለአምስት ወር» ይላል፤ እናት የምትሰማው «ልሄድ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አገሩን ጥሎ የወጣ ቤተሰብ መለየትን ቀለል አድርጎ አያየውም።

ጥያቄው በነታንያ የራሱ ጠባይ አለው። ከቴል አቪቭ በስተሰሜን በባሕር ዳር ያለችው ይህች ከተማ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች ቀዳሚዎቹ ተርታ ውስጥ ናት፤ በሔፍጺባ፣ በአዞሪምና በሌሎችም ሰፈሮች ከ10 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ይኖራሉ። እዚህ አብዛኛው ወጣት ከሁለተኛ ደረጃ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም። ወታደርነቱን ይጨርሳል፣ ጥቂት ሠርቶ ገንዘብ ያጠራቅማል፣ ፕሲኮሜትሪ (የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና) ይፈተናል፣ ውጤቱ ካልበቃው መኺና (የመሰናዶ ትምህርት) ገብቶ ይዘጋጃል። የአንደኛ ዓመት ትምህርት ሲጀምር 22 ወይም 23 ዓመት ሞልቶታል። የመጀመሪያ ዲግሪ በአብዛኛው የሚፈጀው ደግሞ 3 ዓመት ነው። ስለዚህ «አንድ ሴሚስተር ልሂድ» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እኩዮች መዳር፣ ቤተሰብም የልጁን ደሞዝ ተስፋ ማድረግ በጀመሩበት ዕድሜ ነው።

በዚያ ላይ በየትኛውም ቅጽ ላይ የማይመዘገብ ሥራ አለ። ወላጆች በዕብራይስጥ ማንበብ በማይችሉበት ቤት ከቢቱዋህ ሌኡሚ (ከብሔራዊ መድን) የመጣውን ደብዳቤ የሚያነበው፣ ኩፓት ሆሊም (ጤና ጣቢያ) አብሮ ሄዶ የእናቱን ሕመም ለሐኪሙ የሚያስረዳው፣ ከባንክ ጋር በስልክ የሚነጋገረው ብዙ ጊዜ ተማሪው ልጅ ነው። እሱ ሲሄድ ፖስታው ሳይከፈት ቴሌቪዥኑ ሥር ይከመራል፤ ከመካከሉ አንዱ የመጨረሻ ቀን ያለው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ይህን ችግር ማቃለል ከባድ አይደለም። ታናሽ እህት ወይም ወንድም ከወራት በፊት ሥራውን እንዲለምድ ማድረግ፣ ለእናትም ደብዳቤን በስልክ ፎቶ አንስቶ መላክን ማሳየት ይበቃል። ሳይታሰብበት ከቀረ ግን ተማሪው በሄደበት አገር ሐሳቡ ለሁለት ይከፈላል።

ለትምህርት ወጥቶ መመለስ ለቤተ እስራኤል አዲስ ነገር አይደለም። በ1904 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና ወራትም እንዲሁ ናቸው) ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አይሁዳዊው ተመራማሪ ዣክ ፋይትሎቪች ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሁለት ወጣቶችን ይዞ ሄደ። አንዱ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። በፓሪስ፣ ኋላም በፍሎረንስ ተምረው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤትም መሩ። የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሚያውቁትን «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» የተባለውን ጥናት የጻፉት እኚሁ ሰው ናቸው። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የተወለዱት ዮና ቦጋለም በልጅነታቸው ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ አውሮፓ ተልከው ተምረዋል። ተመልሰው መጀመሪያ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በጎንደር ገጠር ላሉ የቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት በማደራጀት ደከሙ። ወደ እስራኤል የገቡት በ1979 ነው።

ሦስተኛው ታሪክ ለነታንያ ቅርብ ነው። በ1955 እና በ1956 በሁለት ዙር 27 ወጣቶች ከኢትዮጵያ መጥተው፣ ከነታንያ በስተደቡብ ብዙም በማትርቀው በራአናና፣ ክፋር ባትያ በተባለው የወጣቶች መንደር ገቡ። የመጡት ለመቅረት አልነበረም። ዕብራይስጥና ትምህርተ ሃይማኖት ተምረው በየመንደራቸው መምህር እንዲሆኑ ታስቦ ነበር፤ ከመካከላቸውም ብዙዎቹ ተመልሰው አስተምረዋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ለትምህርት ቤቶቹ ከውጭ ይመጣ የነበረው ገንዘብ አነሰ፤ አብዛኞቹም ተዘጉ። የተማረ መምህር ተገኝቶ የሚያስተምርበት ክፍል ጠፋ።

እነዚህን ታሪኮች ጎን ለጎን ላስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። ተጓዦቹ ወጥተው የጠቀሙት ለምን እንደሚሄዱ አስቀድሞ ስለታወቀና ሲመለሱም ሥራ ይጠብቃቸው ስለነበረ ነው። ሥራው ሲጠፋ ትምህርቱም ከንቱ ወደ መሆን ተቃረበ። ከ1974 አብዮት በኋላ ለትምህርት ወጥተው በውጭ የቀሩት ብዙ ኢትዮጵያውያን ምሁራን ነገርም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል፤ ያስቀራቸው የውጭው ድሎት ብቻ ሳይሆን የሚመለሱበት ሁኔታ መፍረሱ ነው።

ዛሬ አንድ ሴሚስተር ውጭ መማር ለተማሪው የሚሰጠው የመጀመሪያው ጥቅም እንግሊዝኛ ነው። የእስራኤል ተቋማት ዲግሪ ለመስጠት የተወሰነ የእንግሊዝኛ ደረጃ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ተማሪ የእንግሊዝኛ ኮርሱን እስከ መጨረሻው ዓመት እየጎተተ ይሄዳል። በቤቱ አማርኛ፣ በውጭ ዕብራይስጥ እየተናገረ ላደገ ልጅ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ነው። ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚሰማበት፣ ጽሑፉንም በእንግሊዝኛ የሚያስረክብበት አንድ ሴሚስተር፣ የማታ ኮርስ በሁለት ዓመት የማያመጣውን ለውጥ ሊያመጣ ይችላል። ሌላም ጥቅም አለ፤ ለመለካት ቢያስቸግርም ትልቅ ነው። በነታንያ «ኢትዮጵያዊው» የሚባለው ወጣት ሌላ አገር ሲደርስ «እስራኤላዊው» ይባላል። ሌሎች በእሱ ላይ የሚለጥፉት ስም ከቦታ ቦታ እንደሚለዋወጥ በዓይኑ ማየት፣ ሁልጊዜ በአንዱ ስም ተጠርቶ ላደገ ሰው ነጻነት ነው።

«እስራኤላዊ» የሚለው ስም ግን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ከ2023ቱ የጋዛ ጦርነት ወዲህ አንዳንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ከእስራኤል ተቋማት ጋር የነበራቸውን ስምምነት አቋርጠዋል፤ በአንዳንድ ግቢዎችም ለእስራኤላዊ ተማሪ ድባቡ ከብዷል። በተጠባባቂ ወታደርነት ለሚጠራ ወጣት ደግሞ የሚሉዊም ጥሪ ዕቅዱን ሊያፈርሰው ይችላል። ከመሄድ በፊት በዚያ ግቢ ካለ ወይም በቅርብ ከተመለሰ ተማሪ ጋር መነጋገር ከማንኛውም ብሮሹር ይበልጣል።

የልውውጡን ሥርዓት ማወቅም ብዙ ጣጣ ያስቀራል። በ1987 የተጀመረው የአውሮፓ ኢራስመስ ፕሮግራም ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮች ተማሪዎችም ክፍት ነው፤ እስራኤልም በዚህ ትጠቀማለች። በዚህ ልውውጥ የሄደ ተማሪ ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ ለኑሮው የወር ድጎማና ለጉዞው መደጎሚያ ያገኛል። ዕድሉ የሚሠራው ግን ሁለቱ ተቋማት አስቀድመው ከተፈራረሙ ነው። ስለዚህ በነታንያ ኮሌጅ ይማር በሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ፣ ተማሪው መጀመሪያ ማየት ያለበት «የት መሄድ እፈልጋለሁ» የሚለውን ሳይሆን ተቋሙ ከማን ጋር ስምምነት እንዳለው ነው።

የትምህርት ነጥቡም (ክሬዲቱም) መቆጠር አለበት። በአውሮፓ የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት 30 ነጥብ ነው፤ በእስራኤል የ3 ዓመት ዲግሪ በጠቅላላው 120 ነጥብ አካባቢ ስለሆነ አንድ ሴሚስተር 20 ገደማ ይደርሳል። ቁጥሮቹ አንድ ለአንድ አይመነዘሩም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ በጽሑፍ ካላረጋገጠ፣ ተማሪው ተመልሶ ያንኑ ኮርስ እንደገና ሊወስድ ይችላል። የቀን መቁጠሪያውም አይገጥምም። እስራኤል ውስጥ ትምህርት የሚጀመረው በጥቅምት አካባቢ ከሚውሉት የአይሁድ በዓላት በኋላ ሲሆን የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና እስከ መጋቢት መባቻ ይዘልቃል፤ ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ሁለተኛውን ሴሚስተር በየካቲት ይጀምራሉ። የጀርመን የበጋ ሴሚስተር ትምህርት ሚያዝያ አካባቢ ስለሚጀመር ለእስራኤል ተማሪ ከብዙዎቹ ይልቅ ይመቻል።

ገንዘቡ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአውሮፕላን ትኬቱን ሲያሰላ የተቋረጠ ሚልጋን (የትምህርት ድጎማን) ሳያሰላ በመቅረቱ ነው። ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የትምህርት ክፍያን የሚረዳው ሚንሃል ሀስቱደንቲም (የተማሪዎች አስተዳደር) ነው፤ በውጭ ለሚውለው ሴሚስተር ድጋፉ ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሌሎች ሚልጋዎች የበጎ ፈቃድ ሰዓት ይጠይቃሉ። በፔራኽ ፕሮግራም አንድን ሕፃን በየሳምንቱ የሚያስጠና ተማሪ በዓመቱ አጋማሽ ቢሄድ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ልጁንም መሃል መንገድ ላይ ይተወዋል። ይህ ሊያሳስብ ይገባል፤ ያ ሕፃን የዚያው ሰፈር ልጅ ሊሆን ይችላል።

ሙሉ ዲግሪን ውጭ መማር ሌላ ሚዛን ይፈልጋል፤ ከሁሉም የሚከብደው ሕክምና ነው። እስራኤል ውስጥ ሕክምና ለመግባት ከ800 ነጥብ ከ700 በላይ የሆነ የፕሲኮሜትሪ ውጤት ስለሚጠየቅ ብዙ ወጣቶች ወደ ሃንጋሪ፣ ሮማኒያ፣ ጣልያን፣ ጆርጂያና ሌሎችም አገሮች ይሄዳሉ። ከበለጸጉት አገሮች መካከል ውጭ የተማሩ ሐኪሞች ድርሻ ከፍተኛ የሆነው በእስራኤል ነው፤ ከሐኪሞቿ ከግማሽ በላዩ ትምህርታቸውን የጨረሱት በሌላ አገር ነው። ስለዚህ መንገዱ የተከበረ መንገድ ነው። ነገር ግን የጤና ሚኒስቴር በ2019 ባወጣው ማሻሻያ የአንዳንድ አገሮችንና ትምህርት ቤቶችን ዲግሪ መቀበል አቁሟል። ዕውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የተመረቀ ሰው የእስራኤልን የፈቃድ ፈተና መቀመጥ አይችልም። 6 ዓመት ተምሮ፣ ወላጅ ተበድሮ ከፍሎ፣ በመጨረሻ በር ላይ መመለስ የአንድን ቤተሰብ አቅም የሚሰብር ነገር ነው። ደላላ የሚናገረውን ትቶ ሚኒስቴሩ ያወጣውን ዝርዝር ራሱ ተማሪው ማየት አለበት፤ ከመመዝገቡ በፊት፣ ቀብድም ከመክፈሉ በፊት።

ብዙም የማይወሳ ሌላ መድረሻ አለ፤ እርሱም ኢትዮጵያ ነው። ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ማኅበራዊ ሥራ ወይም የሕዝብ ጤና ለሚያጠና ተማሪ ከወላጆቹ የሰማው አማርኛ ትልቅ ሀብት ነው። በ1963 የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቤተ መጻሕፍቱና በሙዚየሙ የያዘውን በሌላ አገር ማግኘት ይከብዳል። በአማራ ክልል ከ2023 ወዲህ ያለው ግጭት ጎንደርን ለጊዜው ከዕቅድ ውጭ ያደርጋታል፤ አዲስ አበባ ግን ሊታሰብበት ይገባል። መንገዱ ደግሞ ባንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡ የግብርና ተማሪዎች በአራቫ በረሃ ሳፒር አጠገብ በሚገኘው ማዕከል፣ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን በእርሻ እየሠሩ የተወሰነውን ክፍል ውስጥ እየተማሩ፣ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ጊዜ ይቆያሉ።

እንግዲህ ለአብዛኛው የነታንያ ተማሪ አንድ ሴሚስተር መሄድ ይበጃል፤ ነጥቡ በጽሑፍ ከጸደቀ፣ ሚልጋው ካልተቋረጠና በቤት ውስጥ ደብዳቤውን የሚያነብ ሰው ካለ። ለአንደኛ ዓመት ተማሪ አይበጅም፤ መሠረቱን ገና እየያዘ ነው። ሙሉ ዲግሪ ደግሞ ዕውቅናው ለተረጋገጠለት ብቻ ነው። የልውውጥ ማመልከቻ የሚገባው ከጉዞው ወራት ቀድሞ ስለሆነ፣ በሁለተኛው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር መሄድ የሚፈልግ ተማሪ የውጭ ግንኙነት ቢሮውን በር ማንኳኳት ያለበት የአንደኛ ዓመት ፈተናውን እንደጨረሰ ነው።