የዲስክ መንሸራተት

የዲስክ መንሸራተት በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ የውጭ ሽፋኑ ተሰንጥቆ ውስጡ የሚገኘው ለስላሳ ክፍል ወደ ውጭ ሲወጣ የሚፈጠር የጤና ችግር ነው። «መንሸራተት» ቢባልም ዲስኩ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እንዳለ ከቦታው አይንሸራተትም። ችግሩ በብዛት የሚታየው ከ30 እስከ 50 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው።

መንስኤ

የሰው አከርካሪ 23 ዲስኮች አሉት። እያንዳንዱ ዲስክ ጠንካራ ቀለበት መሰል ሽፋን ሲኖረው በመሃሉ ውኃ የበዛበት ለስላሳ ክፍል ይገኛል። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር እምብዛም ስለሌለ የተጎዳ ዲስክ የሚያገግመው በዝግታ ነው። ዕድሜ ሲጨምር ዲስኩ ውኃው እየቀነሰ ሽፋኑ ይሳሳል። ከባድ ዕቃ ጎንበስ ብሎና ወገብን አዙሮ ማንሳት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ሲጋራ ማጨስና የዘር ውርስ ተጋላጭነትን ይጨምራሉ።

ምልክቶች

በወገብ አካባቢ ከሚከሰተው የዲስክ መንሸራተት አብዛኛው የሚገኘው በታችኞቹ ሁለት ዲስኮች ላይ ነው። የወጣው ክፍል ነርቭን ሲጫን ወይም ሲያስቆጣ ሕመሙ ከመቀመጫ ተነሥቶ በጭንና በባት በኩል እስከ እግር ጣት ይወርዳል። ይህም ሳያቲካ ይባላል። ማሳል፣ ማስነጠስና ረጅም ሰዓት መቀመጥ ሕመሙን ያብሳሉ። እግር ሊደነዝዝ ወይም ሊዝል ይችላል። ችግሩ በአንገት ላይ ሲሆን ሕመሙ ወደ ክንድ ይሰራጫል።

ምርመራ

ሐኪም በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ሳያጥፍ ወደ ላይ በማንሳት፣ የጡንቻ ጥንካሬንና የቆዳ ስሜትን በመፈተሽ ይመረምራል። ኤም አር አይ ዲስኩንና ነርቩን በግልጽ ያሳያል። ሆኖም ምንም ሕመም በሌላቸው ሰዎች ላይም የወጣ ዲስክ ስለሚገኝ ምስሉ ብቻውን ለውሳኔ አይበቃም።

ሕክምና

አብዛኞቹ ሕሙማን ያለ ቀዶ ሕክምና ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ይሻላቸዋል። የወጣውን ክፍል ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ሊያጠፋው ይችላል። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ሕመምን ያስታግሳሉ፤ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ የለበትም። ፊዚዮቴራፒ የጀርባና የሆድ ጡንቻዎችን ያጠነክራል።

ቀዶ ሕክምና የሚታሰበው ሕመሙ ለሳምንታት ሳይሻል ሲቀር ወይም የእግር ድክመት እየባሰ ሲሄድ ነው። በ1934 ዊልያም ሚክስተርና ጆሴፍ ባር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች የወጣ ዲስክ ሳያቲካን እንደሚያስከትልና በቀዶ ሕክምና ሊወገድ እንደሚችል አሳይተዋል።

በኢትዮጵያ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት የተለመደ ነው። ነገር ግን የመደንዘዝ ወይም የድክመት ምልክት ባለበት ወገብን በኃይል መጫንና ማጣመም ጉዳቱን ሊያባብስ ይችላል።

ከሕመሙ ጋር መኖር

ለብዙ ቀናት አልጋ ላይ መዋል ጡንቻን ያደክማል፤ ስለዚህ በሚቻለው መጠን መንቀሳቀስ፣ በተለይም በእግር መሄድ ይመከራል። ጀሪካን ወይም ሌላ ከባድ ዕቃ ሲነሣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሳት ጫናውን ይቀንሳል። በሥራ ቦታም በየጊዜው ከወንበር ተነሥቶ መንጠራራት ይጠቅማል።

የአደጋ ምልክቶች

ሽንት መሽናት አለመቻል፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ እንዲሁም የሁለቱም እግሮች በድንገት መዛል የታችኛው የነርቭ ጥቅል መታፈኑን ሊያመለክቱ ይችላሉ። ይህ በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ሳይዘገዩ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።