በአንድ ሽቦ የሚመላለስ መረጃ

መንገድ በሚጠገንበት ስፍራ አንደኛው ጎን ተዘግቶ መኪናዎች በቀረው መስመር ብቻ ሲያልፉ፣ ባንዲራ የያዙ ሠራተኞች ከወዲህና ከወዲያ ይቆማሉ። የወዲህኞቹ ሲያልፉ የወዲያኞቹ ይጠብቃሉ፤ ቀጥሎም ተራው ይለወጣል። በኮምፒዩተር ውስጥ መረጃ የሚመላለሰውም ይህን በመሰለ ሥርዓት ነው።

ማይክሮፕሮሰሰሩ ከማኅደረ ትውስታውና ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚገናኘው ባስ በሚባሉ የጋራ ሽቦዎች ነው። ቃሉ ከምንሳፈርበት አውቶቡስ ጋር ይዛመዳል፤ የሁለቱም ምንጭ «ለሁሉም» ማለት የሆነው «ኦምኒቡስ» የተሰኘው የላቲን ቃል ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል የብቻው ሽቦ ቢዘረጋለት ኖሮ ብዛቱ አያስችልም ነበር። ስለዚህ አንዱ ሽቦ ለመላክም ለመቀበልም ያገለግላል።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። በብዙ ዲጂታል ዑደቶች «1» የሚባለው ምልክት ወደ 5 ቮልት፣ «0» የሚባለው ደግሞ ወደ ዜሮ ቮልት የሚጠጋ ነው። በአንድ ሽቦ ላይ በአንድ ጊዜ አንዱ ክፍል 1፣ ሌላው 0 ቢልክ መረጃው ይበላሻል። ይህም ብቻ አይደለም። ከአንደኛው መውጫ ወደ ሌላው ብዙ የኤሌክትሪክ ጅረት ስለሚፈስ ክፍሎቹ ይግላሉ፤ ሁኔታው ከቀጠለም ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ይህን ግጭት ለማስቀረት ከሚያገለግሉት ቺፖች አንዱ 74ኤልኤስ245 ይባላል። ከ20 እግሮቹ 16ቱ መረጃ ያመላልሳሉ፤ ስምንቱን የ«ሀ» ወገን፣ ስምንቱን የ«ለ» ወገን እንበላቸው። ሁለቱ እግሮች ኤሌክትሪክ ለማግኘት የሚያገለግሉ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ ግን እንደ ባንዲራ ያዦቹ ናቸው። 1ኛው እግር 1 ሲደርሰው መረጃ ከ«ሀ» ወደ «ለ»፣ 0 ሲደርሰው ከ«ለ» ወደ «ሀ» ያልፋል። 19ኛው እግር ደግሞ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ የሚከፍተውም፣ ሰው እንደሚገምተው በ1 ሳይሆን፣ በ0 ነው። 1 ሲደርሰው ሁለቱም ወገኖች ከሽቦው የተቆረጡ ያህል ይሆናሉ።

ይህ ሁኔታ ሦስተኛው ሁኔታ ይባላል። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ ከ0 ጋር ያምታቱታል። ነገር ግን 0 የሚልክ ቺፕ ሽቦውን አጥብቆ ወደ ዜሮ ቮልት ይጎትታል፤ በሦስተኛው ሁኔታ ያለ ቺፕ ግን ሽቦውን ፈጽሞ ይለቀዋል። አንዱ ባይለቅ ሌላው ሊናገር ባልቻለም ነበር።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1981 ለገበያ የቀረበውን የአይቢኤም የግል ኮምፒዩተር እንመልከት። ማይክሮፕሮሰሰሩ 8088 በተመሳሳይ ስምንት እግሮች በመጀመሪያ የአድራሻውን ከፊል፣ ቀጥሎ መረጃውን ያስተላልፋል። ስለሆነም አድራሻው እስኪያልፍ ድረስ የመረጃው በር ተዘግቶ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ፣ ማይክሮፕሮሰሰሩ የሚያነብ ከሆነ በሩ ወደ እርሱ፣ የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ከእርሱ ወደ ውጭ ይከፈታል። ይህን የሚያዝዘው 8288 የተባለ ሌላ ቺፕ ነው።

አቅጣጫ በሚለወጥበት ጊዜም ቅደም ተከተሉ ይጠበቃል፦ በሩ ይዘጋል፤ አቅጣጫው ይለወጣል፤ ከዚያ በሩ ይከፈታል። መረጃ በ74ኤልኤስ245 ውስጥ ለማለፍ ቢበዛ 12 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ሲበቃው፣ በሩን ለመክፈት ግን እስከ 40 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ሊያስፈልግ ይችላል። ዑደቱን የሚነድፈው ሰው ይህችን ልዩነት ካልቆጠረ፣ ማይክሮፕሮሰሰሩ ገና ያልደረሰ መረጃ ያነብባል።