የአፍ ጡንቻቸው ለላላ ሕፃናት የሚሰጥ መልመጃ፤ ለንግግር ያለው ጥቅምና ወሰን

አንድ ሕፃን አፉን ሳይፈታ ሲቆይ፣ ከንግግሩ መዘግየት ጋር ከንፈሩ ሳይገጠም መዋሉ፣ ምላሱ ወደ ውጭ ብቅ ማለቱና ለሃጩ መብዛቱ የወላጆቹን ልብ ያሳስባል። ትምህርት ቤት ሲገባም መምህሩ ልጁ የሚለውን ለመረዳት ይቸገራል። በዚህ ጊዜ ፊሽካ እንዲነፋ፣ ከከንፈሩ ላይ ማር እንዲልስ፣ ጉንጩን እንዲነፋና ምላሱን ወደ ላይና ወደ ታች እንዲያንቀሳቅስ ማድረግ ብዙ ጊዜ የሚሰጥ ምክር ነው። ምክሩ በበጎ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሆንም፣ መልመጃው በእርግጥ ንግግርን ያመጣልን? የሚለው ጥያቄ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባል።

የጡንቻ ልልነት ምንድን ነው?

ማንኛውም ጡንቻ በዕረፍት ላይ ሳለ እንኳ መጠነኛ ውጥረት አለው። ይህ ውጥረት ከሚገባው ሲያንስ ጡንቻው ላላ ይባላል። ልልነትና ድካም ግን አንድ አይደሉም። ድካም ጡንቻው ሊያወጣ የሚችለው ኃይል ማነስ ሲሆን፣ ልልነት ግን በነርቭ ሥርዓት የሚወሰነው የዕረፍት ጊዜ ውጥረት ማነስ ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊታዩ ቢችሉም፣ ኃይልን የሚያዳብር እንቅስቃሴ ሁሉ ልልነትን ያስወግዳል ማለት አይደለም።

ልልነት ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ መንስኤውም ብዙ ነው። በሰፊው ከሚታወቁት አንዱ ዳውን ሲንድሮም ነው። ይህን ሁኔታ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን እ.ኤ.አ. በ1866 ገለጹት፤ እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ፈረንሳዊው ዤሮም ለዠን ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከአንድ ትርፍ ክሮሞሶም የሚመጣ መሆኑን አስታወቁ። ስለዚህ ልልነት የታየበት ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ በሐኪም መታየት አለበት።

መልመጃውና ማስረጃው

እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከተጠየቁት 85 በመቶ የሚሆኑት ድምፅ የሌለባቸውን የአፍ መልመጃዎች ለንግግር ማሻሻያ እንደሚጠቀሙባቸው አሳይቷል። በተከታዩ ዓመት የታተመ የጥናቶች ግምገማ ግን መልመጃዎቹ ንግግርን እንደሚያሻሽሉ የሚያረጋግጥ በቂ ማስረጃ አለመገኘቱን ገልጿል። ይኸውም አሠራሩ በስፋት የተለመደ ሲሆን፣ ማስረጃው ግን ከልማዱ ኋላ ቀርቶ ይታያል።

ለዚህ ሁለት ምክንያቶችን መጥቀስ ይቻላል። አንደኛ፣ ንግግር ከከንፈርና ከምላስ ሙሉ ኃይል የሚጠይቀው ጥቂቱን ብቻ ነው። ንግግር ይበልጥ የሚሻው ፍጥነትን፣ ትክክለኛ አቅጣጫንና ቅንጅትን ነው። ሁለተኛ፣ አንድ አካል የሚሠራው ሥራ ሲለያይ አእምሮ የሚመራበትም መንገድ ይለያያል። ፊሽካ በሚነፋበት ጊዜ የላንቃ፣ የከንፈርና የትንፋሽ አሠራር «ፉ» ከሚባልበት ጊዜ አሠራር ጋር አንድ አይደለም። ከከንፈሩ ማር የላሰ ልጅ «ለ»ን ማለት ይችላል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ ፊሽካ መንፋት ያቃተውም ልጅ መናገር አይችልም ተብሎ ተስፋ ሊቆረጥበት አይገባም።

ምን ማድረግ ይገባል?

ለንግግር የሚበጀው መልመጃ ንግግሩ ራሱ ነው። ለዚህም የአማርኛ ፊደል ምቹ መሣሪያ ነው። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፤ ሣልስ ከንፈርን ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ራብዕ አፍን ይከፍታል። ስለዚህ «ሙ፣ ማ፣ ሚ» እያለ የሚጫወት ልጅ ከንፈሩን ከነድምፁ ያለማምዳል። ከንፈር በመግጠም የሚነገሩት «መ» እና «በ» በዓይን ስለሚታዩ ለጅማሬ ይመረጣሉ፤ ከእነርሱም «እማማ»፣ «አባባ»፣ «ሙዝ» ወደሚሉት ለልጁ ትርጉም ወዳላቸው ቃላት መሸጋገር ይገባል።

«ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ» እና «ጸ» አየር በአፍ ውስጥ ታምቆ በድንገት ሲለቀቅ የሚሰሙ ስለሆኑ ጠበቅ ያለ አገጣጠም ይሻሉ፤ ጡንቻው የላላ ልጅም በእነርሱ ቢዘገይ አያስደንቅም። ጊዜው ሲደርስ «ተራ» እና «ጠራ»ን በሥዕል ወይም በድርጊት እያነጻጸሩ ማሳየት፣ የድምፁ ልዩነት የትርጉም ልዩነት መሆኑን ልጁ እንዲረዳ ያደርገዋል። «ኳስ»ን «ካስ» የሚል ልጅም ኳሱን እየወረወረ ቃሉን ደጋግሞ ቢሰማና ቢናገር ይጠቀማል።

ልምምዱ በሚካሄድበት ጊዜ የሚከተሉትን ማስተዋል ያስፈልጋል።

1. ልጁ እግሩ መሬት ወይም መርገጫ ነክቶ፣ ጀርባው ተደግፎ ይቀመጥ፤ ሰውነቱን ለማቆም የሚታገል ልጅ ትንፋሹን ለንግግር ማዋል ያስቸግረዋልና።

2. መምህሩ ፊት ለፊት፣ በልጁ ዓይን ከፍታ ይቀመጥ።

3. ልምምዱ አጭር ሆኖ በቀን ብዙ ጊዜ ይደጋገም፤ በምግብ፣ በልብስ መልበሻና በጨዋታ ሰዓት ይግባ።

4. የልጁ ጆሮ ይመርመር፤ በተለይ ዳውን ሲንድሮም ባላቸው ልጆች ዘንድ የመስማት ችግር በብዛት ይታያል።

5. ልጁ ሐሳቡን በእጅ ምልክት ቢገልጽ አይከልከል፤ ምልክት መግባቢያ ይሆነዋል እንጂ ንግግሩን አያስቀርበትም።

ማኘክና መዋጥ የሚያስቸግረው ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትን እንዳይለው የሚደረገው እርዳታ በጤና ባለሙያ መመራት ይኖርበታል። ፊኛ ለመልመጃ መስጠትም ወደ ጉሮሮ ገብቶ ሊያንቅ ስለሚችል ለሕፃን አደገኛ ነው።

ማጠቃለያ

ፊሽካና ማር ለጨዋታ ያህል ቢቀርቡ ልጁን ደስ ያሰኙት ይሆናል። የንግግርን ቦታ ሲወስዱ ግን ጉዳት አላቸው፤ እናት ከሥራዋ ቆጥባ፣ መምህሩም ብዙ ተማሪ ካለበት ክፍል ነጥቆ ለአንድ ልጅ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ነውና። ያ ጥቂት ጊዜ ልጁ ውኃ ሲጠማው «ውኃ» ለማለት፣ ሲጠሩትም «አቤት» ለማለት በሚያስችለው ልምምድ ላይ መዋል ይኖርበታል።