በሒሳብ መዝገብ የማይገባ ዕዳ
ለተጨነቁ ወንዶች በነፃና በምሥጢር ስለሚሰጥ የምክር አገልግሎት

ነጋዴ የሆነ ሰው ንብረቱን የሚጠብቅበት ልዩ ልዩ ዘዴ አለው። ዕቃው በመርከብ ሲጫን የባሕር ኢንሹራንስ ይገባለታል፤ መጋዘኑን እሳት እንዳያጠፋበት ዋስትና ይገዛለታል፤ ገቢና ወጪው በየቀኑ በመዝገብ ይሰፍራል፤ በዓመቱ መጨረሻም ሒሳብ መርማሪ ተጠርቶ ትርፍና ኪሣራው ይታወቃል። ነገር ግን ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የነጋዴው ልብና አእምሮ፣ እንቅልፉና የቤቱ ሰላም በየትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳ ደግሞ እንደሌለ ተቈጥሮ ይታለፋል እንጂ አይከፈልም፤ ሳይታወቅ ወለዱ እየበዛ ይሄዳል።

የንግድ ችግርና የቤት ችግር ሁለት ሆነው ቢታዩም ሥራቸው አንድ ነው። ዕቃ በጉምሩክ ይዘገያል፤ የባንክ ብድር የሚከፈልበት ቀን ይደርሳል፤ በዱቤ የወሰደው ደንበኛ ይሰወራል። ነጋዴው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ይህን ለባለቤቱ ከመንገር ይልቅ ዝም ማለትን ይመርጣል። እርሱ ዝም ያለው እንዳያስጨንቃት ብሎ ነው፤ እርሷ ግን ዝምታውን ንቀት ወይም ሌላ የተሰወረ ነገር አድርጋ ትተረጉመዋለች። ጥያቄ ይከተላል፤ ጥያቄው ቍጣን ያመጣል፤ ቍጣውም መኝታን ይለያል። በማግሥቱ እንቅልፍ ያጣው ሰው ሱቁን ከፍቶ ሲቀመጥ ደንበኛውን ያስቀይማል፣ ውሉን ሳያነብ ይፈርማል፣ ዋጋውን ያሳስታል። እንግዲህ ኪሣራው ጠብን ወለደ፤ ጠቡም ሌላ ኪሣራን ይወልዳል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት አንዳንዱ ወደ መጠጥ ይሸሻል፤ አንዳንዱም መኖርን ራሱን እስከ መጥላት ይደርሳል።

ይህ በወንዶች ላይ የበረታ መሆኑን ቍጥር ይመሰክራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚያስታውቀው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፋሉ፤ የወንዶቹም መጠን ከሴቶቹ በእጥፍ ይበልጣል። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ከሚሞቱት ከአራቱ ሦስቱ ወንዶች ናቸው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ከነዚህ አንዱ ግን ወንድ ልጅ ችግሩን ቢናገር ክብሩ የሚቀነስበት መስሎት ገበናውን ሸፍኖ መኖርን የሚመርጥ መሆኑ ነው። በነጋዴ ዘንድ ደግሞ ከክብር በላይ ሌላ ነገር አለ። የነጋዴ ዋናው ካፒታል ስሙ ነው። «እገሌ ተናወጠ» የሚል ወሬ ገበያውን ከዞረ ዱቤ የሚሰጠው ይጠፋል፤ አበዳሪዎቹም ባንድ ቀን በሩን ያንኳኳሉ። ስለዚህ ነጋዴው ዝም የሚለው ከከንቱ ኵራት ብቻ አይደለም፤ መናገር በእውነት ሊያስከፍለው የሚችል ዋጋ ስላለ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ለመርዳት የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት። አገልግሎቱ ምሥጢር የሚጠበቅበት መሆን አለበት፤ ያለዚያ ነጋዴው አይመጣም። በነፃ መሆን አለበት፤ ዕዳ ያለበት ሰው ለልጆቹ ቀለብ ሳይሞላ ለራሱ ልብ የሚከፍለውን ገንዘብ እንደ ስርቆት ይቈጥረዋልና። በመጨረሻም በሩ ሰውየው ዘወትር በሚመላለስበት መንገድ ዳር መከፈት አለበት። እነዚህ ሦስት ነገሮች የት የት እንደ ተሞከሩ ማየት ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የውጭ አገር ታሪክ የሚነገርባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከቀደምቶቹ አንዱ የተጀመረው በንግድ ሰፈር መካከል ነው። በለንደን ባንኮችና የኢንሹራንስ ቤቶች በተሰበሰቡበት ሲቲ በሚባለው ክፍል፣ ከከንቲባው መኖሪያ ከማንሽን ሐውስ አጠገብ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዎልብሩክ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የዚህ ደብር አለቃ የነበሩት ቄስ ቻድ ቫራ በኖቬምበር 1953 ራሳቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች አንድ የቴሌፎን ቍጥር ከፈቱ። ሰው በዛ፤ ቄሱም ብቻቸውን ሁሉን ማነጋገር አቃታቸው። ተራቸውን ለሚጠብቁት ሰዎች ሻይ እያቀረቡ የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብዙዎቹ እንግዶች ከነዚሁ ጋር ተጫውተው ልባቸው ቀለል እያላቸው፣ ቄሱን ሳይፈልጉ ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ። ቄስ ቫራም ይህን አይተው በ1954 የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከቡ። ሳማሪታንስ የተባለው ይህ ማኅበር ዛሬም በብሪታንያና በአየርላንድ ሌሊትና ቀን በነፃ ያገለግላል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት፣ የተጨነቀ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው ታላቅ ሊቅን ሳይሆን ሳይቸኵል የሚሰማውን ጆሮ መሆኑ ነው።

በአውስትራሊያም በሲድኒ ከተማ ሰባኪው አላን ዎከር በጭንቀት የተያዘ አንድ ሰው በቴሌፎን ካነጋገራቸው ከጥቂት ቀን በኋላ ሕይወቱን ማጥፋቱን ሰሙ። በዚህ አዝነው በ1963 ላይፍላይን የተባለውን የቴሌፎን አገልግሎት አቋቋሙ። ይኸው አገር በ2001 ደግሞ ሜንስላይን አውስትራሊያ የተባለ፣ በተለይ ለወንዶች የታሰበ አገልግሎት ከፈተ። የሚደውለው ወንድ ስለ ትዳሩ መናጋት፣ ከልጆቹ ስለ መለየቱ፣ ስለ ቍጣው ወይም ስለ ሥራው ጭንቀት ሊናገር ይችላል። የሚመልስለት በዚህ የሠለጠነ ምክር ሰጪ ነው። አገልግሎቱ ሌሊትም ቢሆን ስለማይዘጋ፣ ቀን በሥራ የተያዘ ሰው ሱቁን ከዘጋ በኋላ ወይም እንቅልፍ እምቢ ባለው ሰዓት ሊደውል ይችላል።

ቴሌፎን መልካም ቢሆንም ቍጥሩን ራሱ ለማንሣት ኀይል የሚያጣ ሰው አለ። ስለዚህ ነጋዴው ባለበት ድረስ ሄዶ የሚረዳ ሌላ ዘዴ ያስፈለገበት ጊዜ መጣ። በጃፓን ከ1998 እስከ 2011 ድረስ በየዓመቱ ከ30,000 በላይ ሰው ሕይወቱን በገዛ እጁ ያጠፋ ነበር፤ ከነዚህም የሚበዙት ወንዶች ነበሩ። በሰሜን ያለችው አኪታ በዚህ ነገር ከአገሩ ክፍላተ ሀገር ሁሉ ለብዙ ዓመታት የበረታው መከራ ደርሶባታል። በዚያች ምድር ሳቶ ሒሳዎ የተባሉ ነጋዴ ኩባንያቸው በ2000 ከስሮ፣ ራሳቸውም በጭንቀት ታመው ነበር። ከዳኑ በኋላ በ2002 ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅት ባለቤቶችና ለቤተ ሰቦቻቸው በነፃ ምክር የሚሰጥ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙን «የሸረሪት ድር» አሉት፤ ይህም በጥልቅ ውስጥ ለወደቀ ሰው ከላይ ስለ ተዘረጋች ቀጭን ክር ከሚናገር ከታወቀ የአገራቸው ታሪክ የተወሰደ ነው። በዚህ ማኅበር ፊት የሚቀመጠው ነጋዴ የሚያነጋግረው ኪሣራ ምን እንደ ሆነ በመጽሐፍ ያነበበውን ሳይሆን በራሱ ላይ የደረሰበትን ሰው ነበር። የጃፓን መንግሥትም በ2006 ይህን መቅሠፍት የሚከላከል ሕግ አወጣ፤ በ2012 የሟቾቹ ቍጥር ከ30,000 በታች ወረደ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት ቢኖረውም እንደዚህ ያሉ ማኅበራት የየራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል።

ለንግድ ምክር ቤቶች ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ ግን በፈረንሳይ የሚገኘው ነው። በምዕራብ ፈረንሳይ በምትገኘው በሳንት ከተማ የንግድ ፍርድ ቤት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ማርክ ቢኒዬ፣ ዕዳቸውን ለመክፈል እንዳልቻሉ ለማስታወቅ የሚመጡትን ነጋዴዎች በየጊዜው ይመለከቱ ነበር። ፍርድ ቤቱ የሰውየውን ዕቃ ይቈጥራል፣ ባለገንዘቦቹን ይሰበስባል፤ ስለ ሰውየው ራሱ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። በ2013 ዣን ሉክ ዱያር ከተባሉ የሥነ ልቡና ሐኪም ጋር ተባብረው አፔሳ የሚባለውን ድርጅት መሠረቱ። አሠራሩ ቀላል ነው። ዳኞች፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊዎች፣ ጠበቆች፣ የሒሳብ ዐዋቂዎችና የንግድ ምክር ቤት ሠራተኞች የጭንቀትን ምልክት ለይተው እንዲያውቁ ይሠለጥናሉ፤ እነዚህም «ዘበኞች» ይባላሉ። ዘበኛው አንድ ነጋዴ ተስፋ መቍረጡን ያስተዋለ እንደ ሆነ በቀጥታና በትሕትና ይጠይቀዋል፤ ሰውየው ከፈቀደ ስሙን ያስተላልፋል። የሥነ ልቡና ባለሙያ ሳይዘገይ በቴሌፎን ያነጋግረዋል፤ ቀጥሎም በሚኖርበት አካባቢ አምስት ጊዜ ያህል ያለ ክፍያ ባለሙያ ዘንድ ይቀርባል። ይህ አሠራር ከሳንት ተነሥቶ ወደ ብዙ የፈረንሳይ የንግድ ፍርድ ቤቶች ተስፋፍቷል፤ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ንግድን ባቆመበት ጊዜም የፈረንሳይ የኢኮኖሚ ሚኒስቴር ከዚሁ ድርጅት ጋር ሆኖ ለድርጅት ባለቤቶች ነፃ የቴሌፎን መስመር ከፍቷል።

አንዳንድ ሰው ምክር ሰጪ ዘንድ መሄድ ተግሣጽ ለመቀበል ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ምክር ሰጪው አይሰብክም፣ አይፈርድም፣ ገንዘብም አያበድርም። አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ቀጥሎም የተደበላለቀውን ነገር ከሰውየው ጋር ሆኖ በየረድፉ ይለየዋል። ይህ የባንኩ ዕዳ ነው፤ ይህ ከባለቤቱ ጋር ያለው ቅያሜ ነው፤ ይህ እንቅልፍ ማጣት ነው። የተለያየ ነገር በየስሙ ሲጠራ ክብደቱ ይቀንሳል፤ ለሒሳቡ የሒሳብ ዐዋቂ፣ ለሕመሙ ሐኪም፣ ለትዳሩም ጊዜና ንግግር ይፈለግለታል። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሥራ ለሚስት የሚነገረውን እውነተኛ ቃል ማዘጋጀት ነው። እርሷ ዕዳውን ስታውቅ ከምትሸከመው ጭንቀት ይልቅ ዝምታው የሚያሸክማት ጥርጣሬ ሊከብድ ይችላልና።

ምሥጢር ጠባቂነቱም ወሰን አለው፤ ይህም ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይነገራል። የሰውየው ወይም የሌላ ሰው ሕይወት ለአደጋ የተጋለጠ እንደ ሆነ ምክር ሰጪው ለማዳን የሚችለውን ይጠራል። ቍጣውን በሚስቱና በልጆቹ ላይ በእጁ ለሚገልጽ ሰውም ምሥጢር መሸሸጊያ አይሆነውም፤ የነሱ ደኅንነት ይቀድማል። ሌላም ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። የተጨነቀን ሰው «መሞትን ታስባለህ ወይ» ብሎ በርኅራኄ መጠየቅ ሐሳቡን ያሳድርበታል የሚለው ፍርሃት ስሕተት መሆኑን በዚህ ነገር የተመራመሩ ሐኪሞች አስረድተዋል። ይልቁንም ጥያቄው የታፈነውን እስትንፋስ ያስወጣል።

የኢትዮጵያ ነጋዴ በዚህ ነገር ባዶ እጁን አይደለም። ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን ያስታርቃሉ፤ የነፍስ አባት ምሥጢር ይጠብቃል፤ ዕቍብ ገንዘብ የጠበበበትን ሰው ያስተነፍሳል፤ ዕድር ኀዘንተኛውን ያጽናናል። ነገር ግን ሽማግሌ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ጠቡ ጎረቤት ከሰማው በኋላ ነው፤ ዕድርም ድንኳኑን የሚተክለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሕግ በኩል በ2013 ዓመተ ምሕረት የወጣው የንግድ ሕግ አዋጅ ቍጥር 1243 ችግር የገጠመው ነጋዴ ገና ሳይከስር ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን እንደገና የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። ሕጉ ግን የሚጠቅመው ጊዜው ሳያልፍ ችግሩን ለሚናገር ሰው ነው። አፉን ለመክፈት ያልቻለ ነጋዴ ከሕጉም ሳይጠቀም ይቀራል።

እንግዲህ የሚጐድለው በመካከል ያለው ድልድይ ነው። ይህን ለመሥራት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የነጋዴውን መዝገብ የሚያውቀው የሒሳብ ሠራተኛ፣ የክፍያውን መዘግየት የሚያየው የባንክ ሠራተኛ፣ ዕጣው ሲጐድል የሚያስተውለው የዕቍብ ዳኛ፣ እነዚህ ሁሉ እንደ ሳንት ዘበኞች ቢሠለጥኑ ከሐኪም አስቀድመው ለማወቅ የሚችሉ ናቸው። የንግድ ማኅበራትም በየወሩ ከሚያዋጡት ገንዘብ ጥቂቱን መድበው ከሥነ ልቡና ባለሙያ ጋር ቢዋዋሉ፣ ነጋዴው ስሙ በማንም መዝገብ ሳይጻፍ ሄዶ የሚናገርበት ክፍል ሊገኝ ይችላል። ሕመሙ ለጸናበትም እንደ አዲስ አበባው የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ያሉ ሐኪም ቤቶች አሉ፤ ወደዚያ መሄድ ለወባ ወይም ለሳንባ ወደ ሐኪም ከመሄድ የተለየ ነውር የለበትም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የንግድ ባልንጀራው ሱቁን አርፍዶ የሚከፍት፣ ከሰው የሚሸሽ፣ ያለ ልማዱ የሚቈጣ ወይም የሚጠጣ ሆኖ የታየው ነጋዴ፣ ስለ ዱቤው ከመጠየቁ በፊት ስለ ራሱ ቢጠይቀው መልካም ነው። የከሰረ ድርጅት ሰውየው በሕይወት እስካለ ድረስ እንደገና ሊቋቋም ይችላል፤ የጠፋ ሰው ግን በምንም ዋስትና አይተካም።